አስር እርምጃ

አንድን ሰው ፊቱን በዱላ የመታሁት በስሌት ተማምኜ ነው። ተናድጄም ነበር፤ ንዴት ግን በእኛ ቤት ብርቅ አይደለም። አባታችን ነፍሱን ይማረውና፣ ነገር ሲያስረዳ መጀመሪያ በኩርኩም ነበር፣ ቃሉ ኋላ ይመጣል። ታላቅ ወንድሜም እኔም ያንን ወርሰናል። እኔ ግን ስለተማርኩ ከእነሱ የተለየሁ ይመስለኝ ነበር። እጄ ቢነሳ እንኳ ማስረጃ ይዞ የሚነሳ ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ የዚያን ማስረጃ ነገር ልናገር።

ጎንደር ከተማ ሜካኒካል ምህንድስና አስተምራለሁ። በዚያ ዓመት ለሁለተኛ ዲግሪዬ የምሠራው ጥናት በሚነፍስ አየር ውስጥ ስለሚጓዝ የፈሳሽ ጠብታ ነበር። ነገሩ ሲሰሙት ጨዋታ ይመስላል፤ ገብተው ሲያዩት ግን ድብድብ ነው። ጠብታው ከጠባብ ቀዳዳ በጉልበት ይወጣል፣ አየሩ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ጠብታው ወፍራም ከሆነ አየሩን እየሰነጠቀ ያልፋል። ከመጠን በላይ ከፈጠነ አየሩ እንደ ቂጣ ይጨፈልቀውና ይበጣጥሰዋል። ደቃቃ ከሆነ ግን አንድ ክንድ ሳይሄድ ጉልበቱን ይቀማል፤ ከዚያ ወዲያ የራሱ መንገድ የለውም፣ ነፋሱ ወደወሰደው ነው። አየሩ ጠብታውን የሚይዝበትን ይህን ጉልበት ድራግ እንለዋለን። ጠበል የተጠመቀ ሰው ያለ ትምህርትም ያውቀዋል፤ ወፍራሙ ጠብታ ፊትህን በጥፊ ይመታሃል፣ ደቃቁ ከኋላህ የቆመችውን ሴትዮ ነጠላ ያረጥባል።

የእኔ ሥራ ይህን ድብድብ በኮምፒውተር አስመስሎ ጠብታው የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ መናገር ነበር። ሸጋ ሥራ ነው። ማንም አይደማበትም ብዬ አስብ ነበር።

ወንድሜ ኮላ ድባ አጠገብ፣ ሜዳው ላይ፣ ከወንዝ በሞተር ውኃ እየሳበ የበጋ ስንዴ ያመርታል። ከእሱ ማሳ ጎን፣ አንዲት ቦይ ብቻ አለያይታቸው፣ የአበልጁ የበርበሬ ማሳ ነበር። አበልጁ የወንድሜን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሳ ሰው ነው። ሁለቱ ሲዋደዱ እንደ መንታ ነበሩ፣ ሲጣሉም እንደ መንታ። በታኅሣሥ በውኃ ተራ ተጣልተው በአካፋ እጀታ ተደባደቡ፤ ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው። ታረቁ እንጂ ቂሙ አልለቀቃቸውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እነሱ ደግሞ ሁለቱም ወግተው ሁለቱም ተወግተው ነበር።

በጥር ወንድሜ ደወለልኝ። ስንዴው ውስጥ ሰፋፊ ቅጠል ያለው አረም በዝቶበታል። የአረም መድኃኒቱንና በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ ይዟል፤ መድኃኒቱ ስንዴውን አይነካም፣ እንደ በርበሬ ያለውን ግን አይምርም።

«አንተ የምትማረው ይኸን አይደል?» አለኝ። «እንዴት አርጌ ልርጨው? የአበልጄ በርበሬ ከጎኔ ነው።»

ያን ቀን ደስ ያለኝን ያህል ተመርቄም አልተደሰትኩም። ወንድሜ ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ለእሱ «ጠብታ የሚያይ» ነበርኩ። ከመርጫው ጫፍ የሚገጠም፣ ደቃቅ የሚረጭ አፍ ገዝቼ ላክሁለት፣ ቅጠሉን በደንብ ያለብሰዋል፣ ውኃም ይቆጥባል ብዬ። ከዚያ ስሌቴን ከፈትኩ። የጠብታውን ውፍረት፣ የነፋሱን ፍጥነት፣ የወንድሜን ቁመት ሳይቀር አስገባሁ። ጠብታዎቹ በሙሉ በስድስት እርምጃ ውስጥ መሬት ይይዛሉ አለ ማሽኑ። እኔም ለጥንቃቄ ብዬ አራት ጨመርኩ።

«ከቦዩ አስር እርምጃ ተው፣ ሌላውን እርጭ» አልኩት።

በሚረጭበት ቀን አራት ሰዓት ላይ እንደገና ደወለ። ፀሐዩ በርትቷል፣ ከጣና በኩል ቀስ ያለ ነፋስ ጀምሯል፤ ለነገ ጠዋት ላቆየው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ክፍል ልገባ ነበር፣ ተማሪዎቹ በር ላይ ቆመው ነበር።

«አያ፣ አስር እርምጃ አልኩህ እኮ! እርጭ!» ብዬ ዘጋሁት።

በአራተኛው ቀን የበርበሬው ቅጠል መጠቅለል ጀመረ። ግንዱ ተጣመመ፣ አበባው ረገፈ። በሳምንቱ ማሳው ሙሉ የተቃጠለ ይመስል ነበር። አበልጁ ሁለቴ አላሰበም፤ በውኃው ተራ የተደባደበው ወንድሜ አሁን ደግሞ በመርዝ ሊጨርሰው እንደመጣ ነው የገባው። የመጥረቢያ እጀታ ይዞ ወንድሜን ሞተሩ ላይ ጎንበስ ባለበት አገኘው፤ ጭንቅላቱን ፈንክቶ የግራ ክንዱን ሰበረው። ሰዎች ባይደርሱ ይጨርሰው ነበር።

ይህን በስልክ ስሰማ ቀሪውን ክፍለ ጊዜ ትቼ በሚኒባስ ወረድኩ። ወንድሜ ጭንቅላቱ በነጠላ ተጠምጥሞ፣ ክንዱ በቀርከሃ ታስሮ ተኝቷል። ነጠላው በደም ደርቆ እንደ ቆዳ ሆኗል።

«ሆን ብዬ አላረግሁትም» አለኝ፣ ገና ሳልቀመጥ። «አንተ ታውቃለህ፣ አስር እርምጃ ትቻለሁ።»

አወቅሁ እንጂ። ማሳው ሄጄ ለካሁት፤ ወንድሜ ያልረጨው መሬት አረም እንደለበሰ በግልጽ ይታያል፣ አስር እርምጃ ሙሉ። ደሜ ፈላ። ከአባታችን ቤት ጥግ ዱላውን አነሳሁና ቦዩን ተሻገርኩ።

አበልጁ ከአንድ የበርበሬ እግር ሥር ተንበርክኮ ቅጠሉን በጣቱ ሊፈታ ይሞክር ነበር። ሲያየኝ አልተነሳም። ሁለት እጁ ቅጠሉ ላይ እንዳለ ነበር። መጀመሪያ ትከሻውን መታሁት፣ ቀጥሎ ቀና ሲል ፊቱን። የቅንድቡ አጥንት ሲሰበር በዱላው በኩል እጄ ላይ ተሰማኝ፤ ዛሬም መዳፌ ያስታውሰዋል። ደሙ ዓይኑን ሞላው። እኔ ደግሞ ከላዩ ቆሜ እጮሃለሁ፦ «አስር እርምጃ ትቶ ነው የረጨው! ሂድ ለካው! በሳይንስ አይደርስህም!»

በደሙ ውስጥ ሆኖ አየኝና «ነፋስ እርምጃ ይቆጥራል?» አለኝ።

በስድብ ሳይሆን በእርጋታ ነበር ያለው። ሦስተኛ ልመታው ስል ሚስቱ እየጮኸች መጥታ መሀላችን ወደቀች። ስመለስ ከተጣመመው ቅጠል ጥቂት ቆርጬ ኪሴ ከተትኩ፤ የበርበሬ በሽታ መሆኑን አረጋግጬ አፉን ላስዘጋው ብዬ።

ጎንደር እንደተመለስኩ ቅጠሉን እርሻ ለሚያስተምር ባልደረባዬ አሳየሁት። መነጽሩን እንኳ አላወጣም። «ይሄማ የአረም መድኃኒት የነካው ነው፣ ማን አቃጠለው?» ብሎ መለሰልኝ።

ቢሮዬ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ያን ቀን ከተማው ውስጥ በወታደሮችና በታጣቂዎች መሀል ተኩስ ስለነበረ ሰው ሁሉ ወደቤቱ ሮጧል፤ ግቢው ጭር ብሏል። ከታች ጥይቱ ይንጣጣል፣ እኔ የራሴን ስሌት መስመር በመስመር እያነበብኩ ነው። ድራጉ ትክክል ነው። ነፋሱ ትክክል ነው። ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ከወራት በፊት በገዛ እጄ የጻፍኩትን አንድ መስመር አገኘሁ፤ የጠብታው ውፍረት ከወጣበት እስከሚያርፍበት አይለወጥም የሚል። ሥራ እንዲቀለኝ ያስቀመጥኩት ነው። ለጥናቱ ምንም አይልም፤ በቤተ ሙከራ እርጥብ አየር ውስጥ አይለወጥም። በኮላ ድባ ሜዳ፣ በጥር ፀሐይ ግን ጠብታው እየሄደ ይደርቃል። እየደረቀ ያንሳል፣ እያነሰ አየሩ ይበልጥ ይጫወትበታል፣ መውደቁን ያቆማል። ውኃው ተኖ ያልቅና መርዙ ብቻ ይቀራል፣ እሱም በነፋሱ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል።

መስመሩን አስተካክዬ ስሌቱን እንደገና አስነሳሁት። ስክሪኑ ላይ ጠብታዎቹ ስድስት እርምጃ አለፉ፣ አስር አለፉ፣ ቦዩን አለፉ፣ ከሥዕሉ ጠርዝ ወጡ። ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። ጉልበቴን የማወጣበት ሌላ ሰው አልነበረም። የጣቶቼ አንጓ ተላጠ፣ ኖራው ላይ ደሜ ቀረ። ደቃቁን አፍ የላክሁት እኔ። በፀሐይ እርጭ ያልኩት እኔ። ተበድሎ የተንበረከከውን ሰው ቅንድብ የሰበርኩትም እኔው።

እዚህ ላይ ማድረግ የነበረብኝ ነገር ግልጽ ነበር። ወንድሜ ተንኮል አልሠራም፤ አበልጁም ያለ ነገር አልጮኸም። ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። ሁለቱን የሚያጋድለው «ሆን ብሎ ነው» የሚለው ቃል ነበር፤ ያንን ቃል መስበር የምችለው እኔ ነበርኩ። ስልክ በእጄ ነው፣ ተኩሱ ሲበርድ መንገዱም ክፍት ነው።

አልደወልኩም። መጀመሪያ ስሌቱን ደግሜ ላረጋግጥ አልኩ። አረጋገጥኩ። ቀጥሎ የአበልጁ ቁስል ይጥገግ አልኩ። ሳምንቱ እንዲህ ሄደ። እውነቱን ልናገር፦ ፈራሁ። የፈራሁት የአበልጁን ጠመንጃ አይደለም። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርቴን አምኖ ጭንቅላቱ እንደተፈነከተ እንዲያውቅ አልፈለግሁም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ወንድሜ በየቀኑ ይደውል ነበር። «ጠመንጃውን ወልውሏል አሉ» ይለኛል። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ፊት ምሏል፣ አልተወውም ብሎ። እኔም ክላሼን ከጎኔ ነው የማሳድር። እንደው ምነው አላመነኝ? እኔ በልጄ የክርስትና አባት እንዲህ ያለ ነገር እሠራለሁ?» ይለኛል። እኔ «ተጠንቀቅ» እለዋለሁ። እንደዚያ እያልኩ ስምንት ቀን።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ወንድሜ ውኃ ለመክፈት ወደ ቦዩ ሲወርድ አበልጁ ከማዶ ጠበቀው። ሁለት ጥይት ነው የተኮሰው፤ አንዱ አፈር መታ፣ አንዱ የወንድሜን ጉልበት። በአይሱዙ ጭነው ጎንደር አመጡት። ሆስፒታሉ በር ላይ ስቀበለው የአይሱዙው ወለል ላይ የነበረው የስንዴ ጆንያ በሙሉ ቀልቷል። ከጉልበቱ በታች ያለው እግሩ ወደ ጎን ዞሮ፣ ጫማው አሁንም በደንብ ታስሯል። ሐኪሙ የደም ሥሩ ተበጥሷል፣ ከጉልበቱ በላይ ካልተቆረጠ ሰውዬው አይተርፍም አለኝና ወረቀት ሰጠኝ። የፈረምኩት በዚያው ቅንድብ በሰበርኩበት እጄ ነው።

ሲነቃ መጀመሪያ ያለኝ «እኔ እኮ ሆን ብዬ አላረግሁትም» ነው። እግሩን ገና አላየም ነበር። አንገቱን ቀና አድርጌ ውኃ አጠጣሁት። አሁንም አልተናገርኩም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አበልጁ ሸሽቶ ትክል ድንጋይ በኩል አማቾቹ ዘንድ ገባ። በዚያ ሰሞን ሕግ ፊት የሚያቀርበው አልነበረም፤ ፖሊሱም የራሱን ነፍስ ይጠብቅ ነበር። የእኛ ወገን ወጣቶች ደም እንመልሳለን ብለው ጥይት መቁጠር ጀመሩ። የሱም ወንድሞች ተቀምጠው አልጠበቁም። ሽማግሌዎች ሁለት ወር ተመላልሰው፣ ለምነው፣ በግዝት ይዘው፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሁለቱን ወገን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም አቀረቡ። ጠመንጃው ሁሉ ከግንቡ ውጭ ተደረደረ።

ወንድሜ በምርኩዝ መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አበልጁ ከፊቱ ቆመ፤ የግራ ቅንድቡ ተሰብሮ ስለገጠመ ዓይኑ ግማሽ ተከድኖ ቀርቷል። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ነገር የማያስቸኩላቸው ሰው ነበሩ። ለምን እንደተኮሰ ጠየቁት።

«መርዝ ረጨብኝ፣ አባቴ። የውኃውን ቂም ተወጣብኝ። በርበሬዬን አይደለም፣ አበልጅነታችንን ነው የገደለው» አለ።

ወንድሜ መስቀሉን ይዞ ማለ። «አስር እርምጃ ትቻለሁ። ሆን ብዬ ካረግሁት ይኸኛውም እግሬ አይቁም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ከወዲያ ወገን አንዱ «ታዲያ መርዙን ማን አመጣው፣ ሰይጣን ነው?» አለ። የእኛዎቹ ተነሱ። ዓይን ሁሉ ከግንቡ ውጭ ወዳለው ጠመንጃ ዞረ። ያኔ ተነሳሁና «እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስለ ደቃቁ አፍ፣ ስለ ስሌቱ፣ በአየር ላይ ስለሚደርቀው ጠብታ። ግማሹ ሰው ነገሩ አልገባውም፣ ሌላው ላገላግል የፈጠርኩት ተረት መሰለው። ሽማግሌው ግን እጃቸውን አነሱና ዝም አሰኟቸው።

«ቆይ ልጄ» አሉኝ። «አውድማ ላይ በመንሽ ስናነሳ ፍሬው እግራችን ሥር ይወድቃል፣ ገለባውን ነፋስ ይወስደዋል። አንተ የምትለው፣ ፍሬ ሆኖ የተነሳው መንገድ ላይ ገለባ ሆነ ነው?»

ለሁለት ዓመት የጻፍኩት ነገር በአንድ አፍ ተጠቃለለ። «አዎ አባቴ፣ እንደዚያ ነው» አልኩ።

«ወንድምህ ይኸን አያውቅም።»

«አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።»

«መቼ አወቅህ?»

ይህን ጥያቄ አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ ብል ማንም አያውቅብኝም። ወንድሜ አንገቱን አዙሮ እያየኝ ነው፤ ከሁሉም በላይ እሱ መልሱን የፈለገው መሰለኝ።

«ከመተኮሱ ስምንት ቀን በፊት» አልኩ።

አበልጁ ሁለት እርምጃ ቀረበኝ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢመታኝም ደስ ባለኝ። «ይኸን ብትነግረኝ ኖሮ» አለኝ፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ «ያቺን ጠመንጃ ከተሰቀለችበት አላወርዳትም ነበር። የመታኸኝን እንኳ እረሳው ነበር።»

ወንድሜ መሬት መሬት ያያል።

ሽማግሌዎቹ ለብቻ ተማክረው ተመለሱ። አበልጁም እኔም ድንጋይ ተሸክመን ከወንድሜ እግር ሥር እንድንወድቅ ፈረዱ፤ በአገራችን ደንብ ድንጋዩን ከአንገት የሚያወርደው የተበደለው ሰው ነው፣ ካወረደው ይቅር አለ ማለት ነው። ሁለታችን ጎን ለጎን ተንበረከክን። ድንጋዩ ሸካራ ነበር፣ አንገቴን ላጠው። ግንባሬን አፈር ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ወንድሜ በምርኩዙ ተደግፎ ሲነሳ ሰማሁ። ትንፋሹ እየከበደው ጎንበስ አለና የአበልጁን ድንጋይ አንስቶ ጣለው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለው። ሲሳሳሙ፣ አበልጁ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ተራዬን ጠበቅሁ። አንድ እጅ ድንጋዬን ነካ፤ የአበልጁ እጅ ነበር፣ የመታሁት ሰው ሊያወርድልኝ።

«ተወው» አለው ወንድሜ።

እጁ ተነሳ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ መሄድ ጀመረ፣ ጠላና ዳቦ ተዘጋጅቶ ነበር። ከአፈሩ ላይ ሆኜ የሁለት ሰው ሦስት እግር ከምርኩዝ ጋር በአጠገቤ ሲያልፍ አየሁ፤ ቀስ ብለው፣ አንዱ አንዱን ደግፎ። ሽማግሌው ጥቂት ቆመው ነበር፣ እሳቸውም ሄዱ። ግቢው ባዶ እስኪሆን ድረስ እንደተደፋሁ ቆየሁ። ከዚያ ድንጋዩን በገዛ እጄ አወረድኩት።